ሁለት አውራ በአንድ ቤት
(በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ አነስተኛ፥ ምናልባትም የሚያስቅ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ርእሴ ወንድ ጊኒ ፒጎች በአንድ ቤት ሲኖሩ ስለሚያደርጉት የአውራነት ትግልና ጠባቂያቸው ይህን ትግል እንዴት አድርጎ ሊይዘው እንደሚገባ ነው። ባለፈው ስብሰባችን አንድ ጓደኛዬ ስለ ከዋክብት ከተናገረ በኋላ፥ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን እንስሳ ለመናገር መነሣቴ ድፍረት ሊባል ይቻላል። ነገር ግን ከዋክብቱ ያለ እኛ ጥበቃ ያድራሉ። ከሳይንስ ክፍላችን ጀርባ ያሉት ቡላና ዳማ ግን ነገ ጧት ድርቆሽና ውሃ የሚሰጣቸው ሰው ይፈልጋሉ። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናችንን ጨርሰን ዘንድሮ እንሄዳለን፤ እነርሱ ግን ይቀራሉ። ስለዚህ ይህ ከንግግር ይልቅ ርክክብ ነው ብትሉት አልቃወምም።

አስቀድሜ ስለ እንስሳው ጥቂት ልበል። ጊኒ ፒግ ስሙ እንደሚያመለክተው ከጊኒ የመጣ አይደለም፤ አሳማም አይደለም። ጅራት የሌለው፥ እግሩ አጭር፥ እንደ አይጥና እንደ ጃርት ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ የሚያድግ ሣር በል እንስሳ ነው። የትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ ያሉት የአንዴስ ተራራዎች ናቸው። የዚያ አገር ሰዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አላምደውታል፤ ዛሬም በፔሩ፥ በኤኳዶርና በቦሊቪያ ኩይ እያሉ ለሥጋው ያረቡታል። ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ለሕክምና ጥበብ የሰጠው አገልግሎት ትልቅ ነው። ሮበርት ኮህ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ማግኘቱን ሲገልጽ፥ ማስረጃውን ካገኘባቸው እንስሳት አንዱ ይህ ነበር። በ1907 ደግሞ ኖርዌያውያኑ አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ የድድ መድማትን የሚያመጣው ስከርቪ የተባለው በሽታ ከምግብ ጉድለት የሚመጣ መሆኑን በጊኒ ፒግ አሳዩ። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በገዛ ሰውነቱ ውስጥ መሥራት አይችልምና ነው። እንግዲህ ሰው ለዚህ ትንሽ እንስሳ ባለዕዳ ነው ማለት ነው።

ጊኒ ፒግ ብቻውን እንዲኖር አልተፈጠረም። የዱር ዘመዶቹ በሣር መካከል በትናንሽ ቡድን ሆነው ይኖራሉ፤ የለማዳውም ጠባይ ይኸው ነው። ብቻውን የተዘጋበት እንደ ሆነ ይፈዛል፥ መብሉን ይቀንሳል፥ በጥቂት ኮሽታም ይደነግጣል። በስዊስ አገር ከ2008 ጀምሮ የሚሠራበት የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግን ነጠላውን ማኖር የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጠባቂው ጓደኛ ሊሰጠው ግድ ይሆናል። ወንድና ሴት አብሮ ያኖረ እንደ ሆነ ግን ሴቲቱ ከ68 ቀን ገደማ በኋላ ትወልዳለች፤ በወለደችበትም ቀን ደግማ ልታረግዝ ትችላለች፤ ቤቱም ባጭር ጊዜ ውስጥ ይሞላል። እንደ እኛ ያለ ትንሽ ክበብ ስለዚህ ወይ ሴቶችን ብቻ፥ ወይ ወንዶችን ብቻ ማኖር አለበት። የእኛ ዕጣ ወንዶች ሆነ።

ሁለት አውራ ዶሮ በአንድ ግቢ ሲገናኙ ምን እንደሚያደርጉ ከመካከላችን ያላየ የለም። ብዙ ሰዎች ይህን በማሰብ ሁለት ወንድ ጊኒ ፒግ አብሮ ማኖር ከቶ አይቻልም ይላሉ። ይህ አስተያየት ስሕተት ነው። የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ከሁለታችን ማን ይቅደም?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ካገኘ በኋላ ሁለት ወንዶች ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ሊተኙ ይችላሉ። አስቸጋሪው ዘመን ከ3 ወይም ከ4 ወር ዕድሜ ጀምሮ እስከ 1 ዓመት ገደማ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ የሚዘልቀው የጉርምስና ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ከአንዲት እናት ባንድ ቀን የተወለዱ ወንድማማቾች እንኳ ይፈታተናሉ።

እንግዲህ ጠባቂ የሆነ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቋንቋቸውን መማር አለበት። እኔ ነገሩን በሦስት ደረጃ እከፍለዋለሁ።

የመጀመሪያው የንግግር ደረጃ ነው። አንዱ ጕሮሮውን እያንጐራጐረ፥ ዳሌውንም ግራና ቀኝ እየወዘወዘ በሌላው ዙሪያ በዝግታ ይዞራል። መቀመጫውን መሬት ላይ እየጎተተ ሽታውን ይተዋል። በጓደኛው ጀርባ ላይ ይወጣል። ፊት ለፊት ቆመው አገጫቸውን ሽቅብ ያነሣሉ፤ አገጩን ዝቅ ያደረገው «ይሁን፥ አንተ ቅደም» እንዳለ ይቈጠራል። ይህ ሁሉ ለሚያየው ሰው ጠብ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠብን የሚያስቀር ንግግር ነው።

ሁለተኛው የዛቻ ደረጃ ነው። ጥርሳቸውን ያፋጫሉ፤ የማጅራታቸው ጠጕር ይቆማል፤ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ጥርሳቸውን ያሳያሉ፤ አንዱ ሌላውን ያሳድዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ጠጕር ይነጫል። በዚህ ጊዜ ጠባቂው እንስሳቱን ለመለየት መቸኰል የለበትም። ይልቁንም ቤቱን መመርመር አለበት፤ የጠበበ፥ የጐደለ ነገር አለና።

ሦስተኛው የደም ደረጃ ነው። ሁለቱ ተያይዘው እንደ ኳስ እየተንከባለሉ ይናከሳሉ፤ ከንፈር፥ ጆሮ፥ ጀርባና መቀመጫ ይቈስላል። እዚህ ሲደርስ ሳይዘገዩ መለየት ግድ ነው። ባጭሩ፥ ሲነጋገሩ ተዋቸው፤ ሲዛዛቱ ቤታቸውን መርምር፤ ሲደማሙ ለያቸው።

ይህን አጭር ደንብ ዛሬ በቀላሉ እነግራችኋለሁ፤ የተማርሁት ግን በቀላሉ አይደለም። በመጀመሪያ ወደ ክበባችን የመጡት ቡላና ዳልቻ የተባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ቡላ እንደ ስሙ መልኩ የገረጣ ቡኒ፥ ዳልቻ ደግሞ ግራጫ ነበረ። እስከ 4 ወር ዕድሜያቸው ድረስ በአንድ ሣጥን ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ ይተኛ ነበር። አንድ ቀን ግን ተረኛው እኔ ሳለሁ፥ ቡላ እያንጐራጐረ በወንድሙ ዙሪያ ሲዞርና በጀርባው ላይ ሲወጣ አየሁት። ደም አልነበረም፤ ጥርስም አልተፋጨም። እኔ ግን ሊገድለው ነው ብዬ ደነገጥሁና ማንንም ሳልጠይቅ ለየኋቸው። ዳልቻን ወደ ሌላ ክፍል ወስጄ ብቻውን በካርቶን ውስጥ አስቀመጥሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሳይሰማ፥ ሽታውንም ሳያሸት ቈየ። ለሁለቱም ያዘንሁላቸው መስሎኝ ነበር።

ዳልቻ መብሉን እየቀነሰ በመሄዱ፥ «ብቸኝነቱ ሳይጎዳው አይቀርም» ብዬ ወደ ወንድሙ መለስሁት። የመለስሁት ግን ቡላ ብቻውን ሽታውን ወደ ተወበት፥ መውጫና መግቢያው አንድ ወደ ሆነው ሣጥን ነበር። ሦስት ሳምንት የተለየ ወንድም ለጊኒ ፒግ እንግዳ ነው። ቡላም ቤቱን እንደሚደፍር እንግዳ ተቀበለው። ዳልቻ ወደ መደበቂያው ሸሸ፤ መደበቂያው ግን አንድ በር ብቻ ስለ ነበረው፥ በሩ ላይ ቡላ ቆሞ ያዘው። በፎጣ ጠቅልዬ ባወጣሁት ጊዜ ጀርባው በሁለት ስፍራ ተነክሶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ቁስሉ እንዳይመግል በማሰብ፥ ለራሴ ታዝዞልኝ ከተረፈኝ የአሞክሲሲሊን መድኃኒት ጥቂቱን በውሃ በጥብጬ ሁለት ቀን አጠጣሁት። ዳልቻ በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዘው፤ በአምስተኛው ቀን ጧት ሞቶ አገኘሁት። በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ነገሩን ሁሉ ከሰማ በኋላ፥ አሞክሲሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች በአፍ ሲሰጡ በጊኒ ፒግ አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን እንደሚያጠፉና መርዝ የሚሠሩት እንዲበዙ በማድረግ እንስሳውን እንደሚገድሉ አስረዳኝ። ቁስሉስ? ብዬ ብጠይቀው፥ «ቁስሉ እንኳ ይድን ነበር» አለኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ሦስቱንም ስሕተት የሠራሁት በርኅራኄ ነው። የለየኋቸው በርኅራኄ፥ የመለስሁትም በርኅራኄ፥ መድኃኒቱን ያጠጣሁትም በርኅራኄ ነበር። ርኅራኄ ዕውቀት ካልተጨመረበት እንስሳን እንደሚገድል በዓይኔ አይቻለሁና፥ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ተረኛ ይህን ከእኔ ይማረው እንጂ ከሌላ ዳልቻ እንዳይማረው እለምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውን መፈለግ ጀመርሁ። ጀርመናዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኖርበርት ዛክሰር ከባልደረባው ጋር በ1991 ባሳተመው ጥናት፥ የአስተዳደግን ኀይል የሚያሳይ ነገር አገኘሁ። ተመራማሪዎቹ ሁለት ዓይነት ወንዶችን አስተያዩ። አንደኞቹ ሽማግሌም፥ ጎረምሳም፥ ሴትም ባለበት ትልቅ መንጋ ውስጥ ያደጉ ናቸው። ሁለተኞቹ ከሌላ ወንድ ጋር ሳይገናኙ ያደጉ ናቸው። በመንጋ ያደጉት ከማያውቁት ወንድ ጋር ሲገናኙ ማዕርጋቸውን ያለ ብርቱ ጠብ ወሰኑ። ለብቻቸው ያደጉት ግን ተጣሉ፤ የተሸነፉትም በደማቸው ውስጥ ኮርቲዞል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ከፍ አለ፥ ክብደታቸውም ቀነሰ። ከዚህ የምንረዳው፥ ወንድ ጊኒ ፒግ መሸነፍንም ሆነ ማሸነፍን የሚማረው በጉርምስናው ዘመን ከታላላቆቹ ጋር በመኖር መሆኑን ነው። እኔ ቡላንና ዳልቻን የለየኋቸው ልክ በዚህ በትምህርታቸው ሰዓት ነበር።

አሁን ጠባቂው ማድረግ የሚገባውን በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፥ ስፍራ ይስፋ። ለሁለት ወንዶች ቢያንስ 1 ካሬ ሜትር ያህል ሜዳ ወለል ያስፈልጋል። የተሸነፈው የሚሸሽበት ስፍራ ያገኘ እንደ ሆነ ያሸነፈው ማሳደዱን ቶሎ ይተዋል። ፎቅ መሥራት የወለሉን ጥበት አይተካም።

ሁለተኛ፥ ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ይሁን። ሁለት የመብል ሳሕን፥ ሁለት የውሃ ዕቃ፥ ሁለት የድርቆሽ ግርግም በቤቱ በሁለቱ ጫፍ ይቀመጥ። አንድ ሳሕን ብቻ ያለ እንደ ሆነ አውራው በላዩ ላይ ይተኛበታል። መደበቂያውም ሁለት ይሁን፤ እያንዳንዱም ሁለት በር ይኑረው። ይህን ሁለተኛ በር ስትሠሩ ዳልቻን አስቡት። ድርቆሽ ቀንና ሌሊት አይጕደል፤ ቫይታሚን ሲ ያላቸው እንደ ፈረንጅ ቃሪያና እንደ ጎመን ያሉ አትክልቶችም በልክ፥ ግን በየቀኑ ይሰጡ።

ሦስተኛ፥ ቍጥራቸው ሁለት ይሁን። ሦስት ወንዶች የሆኑ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተባብረው አንዱን ያስጨንቁታል። የሚስማማው ጥንድ ደግሞ አንድ ጎልማሳና አንድ ግልገል ነው፤ ግልገሉ የታላቅነትን ጥያቄ ለጊዜው አያነሣምና።

አራተኛ፥ የሴት ሽታ አይድረስባቸው። ሴቶች በአቅራቢያ ያሉ እንደ ሆነ የተስማሙ ወንዶች እንኳ ይጣላሉ። ሴት ጊኒ ፒግ የያዘ ሰው እጁን ሳይታጠብ እነርሱን አይንካ።

አምስተኛ፥ ቤቱ ሲጠረግ ሽታቸው ፈጽሞ አይጥፋ። የረጠበውን ሰጋቱራ በየቀኑ አውጡ፤ ሁሉንም ስትለውጡ ግን ከአሮጌው ደረቅ የሆነውን አንድ እፍኝ አስቀሩ። ቤቱ በሳሙና ታጥቦ ሽታው በሙሉ የጠፋ እንደ ሆነ የማዕርጉ ጥያቄ እንደ ገና ይነሣል።

ስድስተኛ፥ በየሳምንቱ ይመዘኑ። የተጨነቀው እንስሳ አይናገርም፤ ሚዛኑ ግን ይናገርለታል። ክብደቱ በተከታታይ የቀነሰ እንደ ሆነ፥ ወይ ታሟል፥ ወይ መብል ተከልክሏል።

ሰባተኛ፥ በማኮላሸት ብቻ አትተማመኑ። በገጠር ወጠጤው ተቀጥቅጦ ሙክት ሲሆን ጠባዩ እንደሚበርድ እናውቃለን። በጊኒ ፒግ ግን ማኮላሸት መውለድን ይከለክላል እንጂ፥ በወንዶች መካከል ያለውን የአውራነት ትግል ብዙ ጊዜ አያስቀርም።

ስምንተኛ፥ ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ባዶ እጃችሁን በመካከላቸው አታግቡ፤ ጥርሳቸው እስከ አጥንት ሊደርስ ይችላል። ወፍራም ፎጣ ጣሉባቸው፥ ወይም የቆሻሻ ማፈሻውን በመካከላቸው አግቡ። ከለያችኋቸው በኋላ በሩቅ አታኑሯቸው፤ በወንፊት ሽቦ ከፍላችሁ እንዲተያዩና እንዲሸታተቱ ጎን ለጎን አኑሯቸው። የተነከሰውን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱ። ለሰው የታዘዘ መድኃኒት ግን ከቶ አትስጡት።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ቡላ 9 ወር ሲሆነው ዳማ የተባለ የ5 ሳምንት ግልገል አመጣንለት። አስቀድመን 10 ቀን በወንፊት ሽቦ ለይተን ጎን ለጎን አኖርናቸው፤ የአንዱን ሰጋቱራ ወደ ሌላው ቤት እያዛወርን ሽታቸውን አለማመድን። ከዚያም በአንድ ቅዳሜ ሁለቱም ባልኖሩበት በሳይንስ ክፍሉ ወለል ላይ ብዙ ድርቆሽ በትነን አገናኘናቸው። እኔና አንድ ጓደኛዬ ፎጣና ማፈሻ ይዘን ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተቀመጥን። ቡላ እያንጐራጐረ ዞረ፤ በጀርባውም ወጣ። ዳማ ጮኸ፥ ሸሸ፥ አገጩንም ዝቅ አደረገ። እጄ ሊለያቸው ተንቀጠቀጠ፤ ግን ደም አልነበረምና ያዝሁት። ወደ 7 ሰዓት ገደማ ሁለቱም ከአንድ ክምር ድርቆሽ ሲበሉ አየን።

ዳማ 4 ወር በሆነው ጊዜ የፈራሁት ዘመን መጣ። አሁን አንጐራጓሪው ዳማ ሆነ፤ ቡላም ጥርሱን አፋጨ። እኛም እነርሱን በመለየት ፈንታ ቤቱን አሰፋን፤ ሌላ ባለ ሁለት በር መደበቂያም ጨመርን፤ በየሳምንቱም መዘንናቸው። ትግሉ ሁለት ወር ያህል ቈየ። ጥቂት ጠጕር ተነጨ፤ አንዲት የደም ጠብታ ግን አላየንም። ዛሬ ቡላ 1,050 ግራም፥ ዳማ 980 ግራም ይመዝናሉ። አውራው ማን ነው? ብትሉኝ፥ አሁንም ቡላ ነው። ሲበርድ ግን የሚተኙት ተደጋግፈው ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ንግግር ስጽፍ አይተው፥ «ስለ መኝታ ቤታችን ነው የጻፍኸው» ብለውኛል። እኔ የጻፍሁት ስለ ጊኒ ፒግ ብቻ ነው፤ ሌላ ትርጕም ያገኘበት ሰው ቢኖር ግን አልከለክለውም። ልል የፈለግሁት ነገር አንድ ነው። ማን ይቅደም የሚለውን ጥያቄ ከእነርሱ ልናጠፋው አንችልም፤ ተፈጥሯቸው ነውና። በጠባብና በጐደለ ቤት ውስጥ ጥያቄው ደም ያፈስሳል፤ ሰፊና ሁሉ ነገር ባልጐደለበት ቤት ውስጥ ግን በንግግር ያልቃል። ቤቱን የሚሠራው እንስሳው አይደለም፤ እኛ ነን።

የቤቱን ቁልፍ፥ ሚዛኑንና የክብደቱን መዝገብ ይህ ስብሰባ ሲያልቅ ለ10ኛ ክፍል ተረኞች አስረክባለሁ። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የዳልቻን ስምና የሞተበትን ቀን ጽፌአለሁ። እባካችሁ ያን ገጽ አትቅደዱት።